ድንቢጧም ትቆጠር



ፍራንክ ቻፕማን የሚባል ወጣት የባንክ ሠራተኛ በ1886 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ወይዛዝርት ለገበያ በሚወጡበት የማንሃታን ጎዳና ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተመላለሰ ወፍ ቆጠረ። (ዛሬ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወፎቹን ያገኛቸው ባርኔጣ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የደላት የከተማ ሴት ያለ ላባ ባርኔጣ አትደፋም፤ አንዳንዷማ ላባው አልበቃ ብሏት ወፉን እንዳለ፣ ከነምንቃሩና ከነክንፉ ደርቆ የተሰፋበትን ታደርግ ነበር። በአንደኛው ቀን ብቻ 700 ባርኔጣ ተመለከተ። 542ቱ ላባ ወይም ሙሉ ወፍ ነበረባቸው። በሁለቱ ቀን በጠቅላላው 40 የአገሩን የወፍ ዝርያዎች ለይቶ እያንዳንዱን ከነቁጥሩ ጻፈ፤ ግንደ ቆርቁር ነበረበት፣ ጉጉትም አልቀረም።

ዝርዝሩ በአንድ የአደን መጽሔት ላይ ታተመ። የሚበዛው ስምና ቁጥር ነው። ያነበበው ሰው ግን በማግስቱ መንገድ ላይ ባርኔጣ ሳያይ አይውልም። ቻፕማን በዚያው ዓመት ባንኩን ለቀቀ፤ ውሎ አድሮ በኒውዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የወፍ ሊቅ ሆነ፤ በርድ-ሎር የተባለ መጽሔትም አቋቋመ። የመቁጠር ልማዱን ግን ከባንኩ ይዞት ወጣ።

በ1900 መጨረሻ በዚሁ መጽሔት ላይ ለአንባቢዎቹ አንድ ሐሳብ አቀረበላቸው። በአሜሪካ የገና ዕለት የሚደረግ የአደን ውድድር ነበር። እኛ ገናን በዱላና በሩር ሁለት ቡድን ሆነን እንደምንጫወተው እነሱም ቡድን ለይተው ይወጡ ነበር፤ ልዩነቱ የያዙት ጠመንጃ መሆኑ ነው። ማታ ሬሳው ይከመራል፤ ክምሩ የበለጠለት ቡድን ያሸንፋል። የሚበላና የማይበላ፣ የሚያስፈልግና የማያስፈልግ አይለይም። ቻፕማን ታዲያ ውድድሩን በመኮነን ብቻ አላበቃም። ዘንድሮ ውጡ፣ ነገር ግን አትተኩሱ፤ ያያችሁትን ጻፉና ላኩልኝ አለ። በዚያ የገና ዕለት 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ቆጠሩ፤ አንዱ ካናዳ ቶሮንቶ፣ ሌላው ካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ግሮቭ፣ አብዛኛው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ። ቻፕማን ራሱ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢንግልዉድ ላይ ቆጠረ። ሁሉም ተደምሮ 90 ያህል ዝርያና 18,500 ያህል ወፍ ሆነ።

ቆጠራው ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አልተቋረጠም። ሁለት የዓለም ጦርነት አልፎበታል። ዛሬ ናሽናል ኦዱቦን ሶሳይቲ የተባለው የአሜሪካ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ያስተባብረዋል፤ ከ2,000 በሚበልጡ ቦታዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ይወጡበታል። ከካናዳና ከአሜሪካ አልፎ ወደ ካሪቢያንና ወደ ደቡብ አሜሪካም ገብቷል። ከፋይም ተከፋይም የለም። መምህር፣ ሹፌር፣ ነርስ፣ ጡረተኛ፣ ተማሪ ነው የሚቆጥረው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ቆጠራው ያን ያህል ዋጋ ያገኘው ማንም ዞር ብሎ የማያየውን፣ ደጃፍ ላይ የሚንጫጫውን ወፍ ሳይንቅ በመቁጠሩ ነው። ብርቅዬ ወፍ መፈለግ ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የአገር ምሥጢር ያለው ድንቢጧ ዘንድ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ላሳያችሁ።

ቦታው ዲያሜትሩ 24 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ነው። ክቡ አንዴ ካርታ ላይ ከተሠመረ አይነቃነቅም። ቀኑ ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመረጥ አንድ ቀን ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 5 እስከ 27 ገደማ መሆኑ ነው። ስሙ የገና ቆጠራ ይባል እንጂ የእኛ ገና ሳይደርስ ያልቃል። ክቡ በክፍል በክፍል ይታደላል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቡድን ይደርሰዋል። ትጉሆቹ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነሣሉ፤ ጉጉት የሚቆጠረው በጨለማ፣ በጆሮ ነውና። በረዶ ላይ ቆመው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። አንዱ ጉጉት ከግራ ከጮኸና ሌላው ከቀኝ ከመለሰለት ሁለት ተብሎ ይጻፋል። ያው ከግራ ያለው ደግሞ ቢጮኽ አሁንም ሁለት ነው።

ሲነጋ በእግር ወይም በመኪና መዞር ነው። የታየም የተሰማም ወፍ ሁሉ ይቆጠራል። አንድና ሁለት ሲሆን ቀላል ነው። አምስት ሺህ ወፍ በአንድ ጊዜ ከእርሻ ላይ ቢነሣስ? ልምድ ያለው ቆጣሪ አይደነግጥም። ከመንጋው ዳር አሥር ወፍ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ አሥሩ ከሰማዩ ምን ያህሉን እንደያዙ በዓይኑ ይለካል። ያንኑ ልክ እየደጋገመ መቶ እስኪሞላ ያስኬደዋል፤ ከዚያ የመቶውን ልክ ይዞ መንጋውን እስከ ጫፉ ይሄድበታል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቆጥረው ያገኙትን ያስተያያሉ። አንዱ 4,600፣ ሌላው 5,200 ሊል ይችላል፤ አይጣሉም። ጀማሪ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አሳንሶ ይገምታል፤ ዓይን ብዛት ሲበረክትበት ይሰንፋል።

ከወፉ ጎን ሌላ ነገርም ይጻፋል። ስንት ሰው፣ በስንት ቡድን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ በእግር ነው በመኪና፣ ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ። ማታ ሁሉም አንድ ቦታ ተሰብስቦ ትኩስ ነገር እየጠጣ አጠናቃሪው የዝርያ ስም በተራ ይጠራል፤ ቡድኖቹ ቁጥራቸውን ይናገራሉ። ማንም ያልጠበቀው ወፍ ከተጠራ ቤቱ ጸጥ ይላል። ያየው ሰው ይመረመራል፤ ምን ያህል ራቀህ? ብርሃኑ ከየት ነበር? እግሩ ምን መልክ ነበረው? አጥጋቢ መልስ ከሌለ ይሰረዛል። አንድ የምወደው ደንብ ደግሞ አላቸው። ከቆጠራው ቀን በፊት ወይም በኋላ ባሉት ሦስት ቀኖች የታየ፣ በዕለቱ ግን የጠፋ ወፍ ካለ፣ የቆጠራ ሳምንት ተብሎ ስሙ ይመዘገባል፤ ቁጥር ግን አይሰጠውም። ትናንት ነበረና ዛሬ ቁጠሩልኝ ማለት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን ማውጣቱ አይቀርም። ይህ ምን ዓይነት ሳይንስ ነው? አንዱ ቆጣሪ ዓይኑ ደክሟል፣ ሌላው ገና ትናንት ነው ወፍ ማየት የጀመረው፣ ግምቱ በመቶዎች ይለያያል ይላል።

ጥያቄው ትክክል ነው። በዚያ ክብ ውስጥ ካሉት ወፎች አብዛኞቹ አይታዩም። ስለዚህ በዚህ ክብ ውስጥ ስንት ወፍ አለ ብላችሁ ብትጠይቁ ቆጠራው አይመልስላችሁም፤ እመልሳለሁ ብሎም አያውቅም። ከአምናው፣ ከዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ጋር ሲወዳደር ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብትሉት ግን ይመልሳል። ቦታው ያው፣ ወሩ ያው፣ አካሄዱ ያው ነው። ስሕተቱም ብዙውን ጊዜ ያው ነው። ዘንድሮ ሃያ ሰው ወጥቶ አምና አሥር ከነበረ፣ ወፉ በእጥፍ የታየው ሰው በእጥፍ ስለወጣ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ተጽፏልና በሰዓት ይካፈላል። አንዱ ክብ ዝናብ ቢያበላሽበት በሺህ የሚቆጠሩት ሌሎች አሉ። ሙሉ በሙሉ የሚስተካከል ግን አይደለም፤ የዛሬ ሰው ከያኔው የተሻለ የርቀት መነጽር ይዟል፣ ስልኩ ላይ የወፍ ድምፅ አለው። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን ለማረም ብዙ ደክመዋል።

አንድ ነገር ግን ምንም ስታቲስቲክስ አያርመውም፤ እሱም የታየውን መርጦ መጻፍ ነው። በ2002 የተጀመረው ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ተጠቃሚውን ከሚጠይቃቸው ዋና ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ ለይተህ ያወቅኸውን ወፍ ሁሉ ነው የጻፍኸው ወይስ የመረጥኸውን? ሁሉንም ነው ካለ፣ ያልጻፈው ወፍ አልታየም ማለት ነው። ዜሮውም መረጃ ሆነ። ንስሩን ብቻ ጽፎ ድንቢጧን የተወ ሰው ግን ድንቢጧ ትኑር ትጥፋ አይታወቅበትም። ከጽሑፉ የምንረዳው ንስር እንደሚወድ ብቻ ነው።

ለምን በክረምት? እዚያ አገር ክረምት ማለት ብርድና በረዶ ነው፤ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ወፍ መደበቂያ ያጣል። መንገዱን ጨርሶ ካረፈበት ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ምግብ ባለበት ይከማቻል። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው። በሰሜን ካናዳ ደንና በአርክቲክ ዳርቻ የሚፈለፈሉ ብዙ ወፎች አሉ፤ በበጋቸው ወደዚያ ሄዶ የሚቆጥራቸው የለም፤ መንገድም ሰውም የለም። ብርዱ ሲያባርራቸው ግን ራሳቸው ሰው ወዳለበት ይወርዳሉ። በጎ ፈቃደኛው ከቤቱ ሳይርቅ የማያውቀውን አገር ወፍ ይቆጥራል።

አሁን ወደ ተገኘው ነገር እንለፍ።

በ2009 ኦዱቦን የ40 ዓመት የክረምት ቆጠራ ውጤት ይዞ 305 ዝርያዎችን መረመረ። ጥያቄው እያንዳንዱ ወፍ ክረምቱን የሚያሳልፍበት ቦታ መሐሉ የት ነው የሚል ነበር። ከ305ቱ 177ቱ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ቀድሞው ብርድ ቦታ ተዛውረው ተገኙ፤ የ305ቱም አማካይ 56 ኪሎ ሜትር ነው። ፐርፕል ፊንች የተባለችው ትንሽ ወፍ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ወፍ የፖለቲካ ክርክር አይከታተልም፤ ቀዝቃዛ የነበረ ቦታ ሲሞቅለት እዚያ ይከርማል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ያልሄዱት ናቸው። በሣር ሜዳ ከሚኖሩት 26 ዝርያዎች ወደ ሰሜን የሄዱት 10 ብቻ ናቸው። ሙቀቱ ስላልነካቸው ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በስተሰሜን ይጠብቃቸው የነበረው ሜዳ ታርሷል፤ መሄጃ የላቸውም።

ሁለተኛው ታሪክ የአሜሪካ አርማ የሆነው ራሰ ነጭ ንስር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በየእርሻው ተረጨ። መድኃኒቱ ከውኃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ንስር ሰውነት ገባ፤ የእንቁላሉን ቅርፊት አሳሳው። እናቲቱ ልትታቀፍ ስትቀመጥበት እንቁላሉ ይሰበራል። አዋቂው ንስር ግን ሲበር ይታያልና ማንም አልጠረጠረም። የጠረጠሩት ቆጣሪዎች ናቸው። ፍሎሪዳ ውስጥ ቻርልስ ብሮሊ የሚባል ከካናዳ የመጣ ጡረተኛ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር (የባንክ ሰው መቁጠር አይተወውም መሰለኝ)፤ የንስር ጎጆ ላይ እየወጣ በጫጩቶቹ እግር ቀለበት ያስር ነበር። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጎጆ ላይ ሲወጣ ጫጩት እያጣ መጣ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሆክ ማውንቴን በሚባለው ተራራ ደግሞ ወደ ደቡብ የሚያልፉትን አሞሮች በየመኸሩ የሚቆጥሩ ሰዎች ራሱ ገና ያልነጣ ወጣት ንስር እያነሰ መሄዱን አስተዋሉ። ጸሐፊዋ ሬቸል ካርሰን በ1962 በታተመው ሳይለንት ስፕሪንግ በተባለው መጽሐፏ የሁለቱንም ምስክርነት አቀረበች። ከአላስካ በስተደቡብ ባለው የአገሪቱ ክፍል በ1963 የቀረው 417 ጥንድ ንስር ነበር። ዲዲቲ በ1972 ተከለከለ። በ2007 ንስሩ አደጋ ላይ ካሉ እንስሳት መዝገብ ሲሠረዝ ወደ 10,000 ጥንድ ተጠግቶ ነበር። የገና ቆጠራውም በየክቡ ሽቅብ መውጣቱን ያሳያል።

ሦስተኛው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቅርብ የሆነ ነገር ነው። ሐውስ ፊንች የምዕራብ አሜሪካ ወፍ ነች፤ ወንዱ ደረቱ ይቀላል። በ1940 ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ በሽቦ ቤት ይዘው ይሸጧት የነበሩ ነጋዴዎች ሕግ እንዳይዛቸው ፈርተው ለቀቋት። ከዚያ በኋላ በምሥራቁ ክፍል ስትዛመት በገና ቆጠራው ውጤት ላይ ዓመት በዓመት፣ ክብ በክብ ይታያል። በ1994 ክረምት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ ለወፍ ጥሬ የሚያንጠለጥሉ ሰዎች ዓይኗ ቀልቶ ያበጠ፣ የተጨፈነ ፊንች አዩና ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ምርምር ማዕከል አሳወቁ። ማይኮፕላዝማ የተባለ የዶሮ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ወደ ዱር ወፍ ተሻግሮ ኖሯል። የታመመችው ወፍ ጥሬ ለመልቀም ራሷን መስጫው ቀዳዳ ውስጥ ስታስገባ የዓይኗ ፈሳሽ ጠርዙን ይነካል፤ ቀጥላ የምትመጣው ትወስዳለች። በጥቂት ዓመት ውስጥ በሽታው ምሥራቁን አዳረሰ፤ በብዙ ቦታ ፊንቿ ወደ ግማሽ ወረደች። ዛሬ በእነዚያ ሰፈሮች ጥሬ የሚያንጠለጥል ሰው መስጫውን በየጊዜው በበረኪና አጥቦ እንዲያደርቅ የሚመከረው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግሊዞችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። የብሪታንያ ንጉሣዊ የወፎች ጥበቃ ማኅበር በ1979 ብሉ ፒተር በተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም በኩል ልጆች በጃንዋሪ አንድ ሰዓት ተቀምጠው የግቢያቸውን ወፍ እንዲቆጥሩ ጠየቀ። ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚቆጥርበት ሆኗል። ደንቡ ብልኅ ነው፤ በሰዓቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩት የሚበዙበት ቁጥር ብቻ ይጻፋል፤ አለዚያ አንዷ ወፍ አሥር ጊዜ ተመላልሳ አሥር ትሆናለች። በዚህ ቆጠራ ግሪንፊንች የተባለችው አረንጓዴ ወፍ ከ2005 ወዲህ ከእርግብ በመጣ የጉሮሮ በሽታ ስትመታ ታየ፤ እዚህም መዛመቻው የጥሬ መስጫውና የውኃ ገንዳው ነው።

እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ድንቢጥ አለችላችሁ። በየዓመቱ ዝርዝሩ ሲወጣ ለብዙ ዓመታት አንደኛዋ እሷ ናት። ጋዜጣው ድንቢጥ ዘንድሮም አንደኛ ሆነች ይላል፤ አንባቢው ደስ ብሎት ገጹን ይገልጣል። ከ1979 ጋር ሲተያይ ግን በአንድ ግቢ የምትታየው ቁጥሯ ከግማሽ በታች ወርዷል። ደረጃ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን አያገኘውም። ለምን ቀነሰች? የጣሪያ ሽንቁር ተደፈነባት፣ ለጫጩቶቿ የምታጎርሰው ነፍሳት አነሰ፣ ሌላም ሌላም ይባላል፤ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሁሉንም የሚያስተሳስረው የሚከተለው ነው። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። አጥኚዎቹ በጎ ፈቃደኞች በበጋም በክረምትም የሰበሰቡትን የ48 ዓመት ቆጠራ፣ የአየር ጠባይ ራዳርንም ጨምረው፣ የ529 ዝርያዎችን ሁኔታ አሰሉ። ከ1970 ወዲህ አሜሪካና ካናዳ ወደ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ ጎድሎባቸዋል፤ ከአራቱ አንዱ በላይ ማለት ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሊጠፋ የተቃረበ፣ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ወፍ ነው የሚመስላቸው። ከጎደለው ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ግን ከ12 የወፍ ቤተሰቦች ነው፤ ድንቢጦች፣ ፊንቾች፣ ጥቋቁር የእርሻ ወፎች፣ ማለትም ማንም ሲያያቸው ያደገባቸው። ብርቅዬ ወፍ ቢጠፋ መቶ ነው፣ ሁለት መቶ ነው። ሦስት ቢሊዮን ሊጎድል የሚችለው ከብዙው ላይ ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ከጨመሩት መካከል ዳክዬና ዝይ ይገኙበታል፤ የረገረግ መሬት የተጠበቀላቸው ብዙውን በአዳኞች ገንዘብ ነው። ከ1934 ጀምሮ የዳክዬ አዳኝ ቴምብር እየገዛ ይከፍላል። ዳክዬው ጠያቂ ነበረው። ድንቢጧን የሚጠይቅ አልነበረም።

ብዙ የነበረን ወፍ ማጣት በአሜሪካ ከዚህ በፊትም ደርሷል። ተጓዥ ርግብ የምትባል ወፍ ነበረች፤ በመንጋ ስታልፍ ፀሐይ ትጋርዳለች፣ ቁጥሯ በቢሊዮን ነው ይባልላት ነበር። እንዲህ የበዛ ነገር ማን ይቆጥራል? በባቡር እየጫኑ ለገበያ አቀረቧት። ማርታ የሚል ስም የተሰጣት የመጨረሻዋ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የአራዊት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ቻፕማን የገናውን ቆጠራ ሲጀምር ይህችን ርግብ በዱር ለማግኘት ጊዜው ያለፈ ያህል ነበር።

ወደ አገራችን ልምጣ፤ ግንኙነቱ የወፎቹ ራሳቸው ነውና። እነሱ ክረምት በሚሉት ጊዜ እኛ ዘንድ በጋ ነው። ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ የሸሸ ወፍ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይና ጣና ዳር ይከርማል። በዓለም ዙሪያ በጃንዋሪ፣ ማለት በእኛ በጥር፣ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ በ1967 ተጀምሮ ዛሬ ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ያስተባብረዋል። አፍሪካ በራሷ ስም ከ1991 ጀምሮ ገባችበት። እኛ አገር በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ከፓርኮችና ከዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች ጋር ሆኖ ሲቆጥር ቆይቷል።

ጣና ላይ ክሬን የሚባሉት ግራጫ፣ አንገተ ረጃጅም ወፎች በአሥር ሺዎች ይከርማሉ። ቀን ፎገራና ደምቢያ ላይ ታጭዶ የተነሣ ማሳ ውስጥ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ የየመንደሩ እረኛ ያውቃቸዋል። በየማሳው ተበትነው እያሉ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። ማታ ግን አውሬ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ገብተው ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ ቆጣሪዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ማደሪያቸው ዳር ይሰለፋሉ፤ አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከደቡብ የሚመጣውን መንጋ ይይዛል። መንጋ ሲገባ ሰዓቱ ከነደቂቃው ይጻፋል፤ ማታ ሲያስተያዩ ሁለቱ ያንኑ መንጋ ቆጥረው እንደሆነ የሚታወቀው በሰዓቱ ነው።

የአብያታን ሐይቅ የምታውቁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ከዝዋይ የሚነሣው ቡልቡላ ወንዝ ነው ዋና መጋቢው። የላይኛው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ሶዳ አሽ ለተባለው ኬሚካል ሲቀዳ ውኃው ሸሸ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ስፋቱ ከግማሽ በላይ ተቀነሰ። የቀረው ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። አጠገቡ ሻላ አለ፤ በሻላ ደሴት ላይ ፔሊካኖች ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣው ግን ጥቂት ነው፤ ፔሊካኖቹ የሚኖሩት ሻላ ላይ፣ የሚያጠምዱት አብያታ ላይ ነበር። ዓሣው ሲያልቅ ፔሊካኑ ሄደ። ፍላሚንጎ ደግሞ ዓሣ አይበላም፤ ምግቡ በአብዛኛው በሶዳ ውኃ የሚራባው አልጌ ነው። ጎብኚ ዛሬ ሄዶ ውኃው ዳር ሮዝ ሆኖ ሲያይ ፎቶ አንሥቶ፣ ወፍ ሞልቷል ብሎ ይመለሳል። አጠቃላይ ድምር ብቻ የያዘም ሰው እንደሱ ይታለላል። በየዝርያው የተጻፈ የጥር ዝርዝር ያለው ግን ዓሣ በሉ ወፍ በየት ዓመት ዜሮ መሆን እንደጀመረ ያሳያችኋል፤ የሐይቁን ጨው የለካ መሣሪያ ባይኖር እንኳ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቄራ አካባቢና የከተማ ዳር የቆሻሻ መጣያ ላይ የሚዞረው፣ ፊቱ ሮዝ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ አለ። ለአዲስ አበባ ሰው ከቁራ ያልተለየ ተራ ነገር ነው፤ ሲያየውም ፊቱን ያዞራል። ይህ ወፍ በ2015 በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል፤ በምዕራብ አፍሪካ በመርዝና በንግድ ተመናምኗል። ሕንድ ውስጥ ጥንብ አንሳ ለከብት በሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ሳቢያ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ሊያልቅ ደረሰ፤ መንስኤው የተገለጠው በ2004 ነው። እዚያም ሰው ያስተዋለው ዘግይቶ ነበር፤ በየመንደሩ ሞልቶ የነበረ ወፍ ነበርና።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል መምህራን ካላችሁ፣ ክበብ ያላቸው ተማሪዎችም ካላችሁ፣ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ከጥር አንድ ቅዳሜ ምረጡ። አንድ ቦታ ምረጡ፤ ቄራ ይሁን፣ የቀበሌው ኩሬ ይሁን፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ይሁን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቁጠሩ፤ ለሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ሂዱ። የማታውቁትን ወፍ ስም አትፍጠሩለት፤ ያልታወቀ ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥሩ ብቻውን አይቀመጥ፤ ስንት ሰው እንደነበራችሁና አየሩ እንዴት እንደነበር ከጎኑ ይኑር። አምና የነበረ ዘንድሮ ካልታየም ሥፍራው ባዶ አይተው፤ ዜሮ ይጻፍበት።

የርቀት መነጽር የሌለው ሰው በጥንብ አንሳውና በድንቢጧ ይጀምር፤ ለሁለቱም አያስፈልግም። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።